ቁጥሩ መጣ እንጂ ዕቃው አልመጣም



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የሚለጠፈው ስለ ውኃ ተራ፣ ስለ ጽዳት ዘመቻ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ማኅበሩ መዋጮ እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ ግን የሰሌዳውን አንድ ጥግ ተበድሬ ሌላ ጉዳይ ላነሣ ፈለግሁ። ጉዳዩ በስልክ ዕቃ ገዝቶ «ተጫነ፣ ደረሰ» እየተባለ የማይመጣን ነገር ስለ መጠበቅ ነው። ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው ያረጀ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ትየርኪዲ ግን ገና እየገባብን ያለ በሽታ ነው። በሽታ ሲገባ ደግሞ ቀድሞ የሚናገር ጎረቤት ያስፈልጋል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ በአንዲት እህታችን ላይ የደረሰው ነው። እርሷም «ሌላው እንዲማርበት ንገሩልኝ፣ ስሜን ብቻ ተዉት» ብላ ስለ ፈቀደች እንጂ የሰው ገመና አደባባይ ማውጣት ልማዴ አይደለም።

የሆነው እንዲህ ነው። እህታችን ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና ተከራይታ ትሠራ ነበር። የኪራዩ ነገር ስላማረራት የራሷን ሲንጀር ለመግዛት ሁለት ዓመት ያህል ዕቁብ ጣለች። ወንድሟም ከውጭ ሀገር ጥቂት ጨመረላት። ከዚያም በቴሌግራም «ከአዲስ አበባ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» የሚል ሻጭ አገኘች። ዋጋው 24,000 ብር ሆኖ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ዕቃው ሲደርስ የሚከፈል ነው ተባለች። ነገሩ ደኅና ስምምነት ይመስላልና 12,000 ብር ላከች። በማግስቱ አንድ ረጅም ቁጥርና አንድ ሊንክ ተላከላት። ሊንኩን ስትነካው ገጽ ይከፈታል። በገጹ ላይ የመኪና ሥዕል፣ አረንጓዴ መስመርና «ዕቃዎ ተጭኗል» የሚል ጽሑፍ አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ስልኳን ይዛ ትመጣለች፤ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ የት ደረሰ ይላል?» እያለች። እኔም መነጽሬን አድርጌ አነብላታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት «ጅማ»፣ ቀትር ላይ «ነቀምቴ»፣ ማታ «መቱ» ይላል። ሁለታችንም ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን «ዕቃዎ ኬላ ላይ ተይዟል፤ ማስለቀቂያ 1,900 ብር ይክፈሉ» አለ። ከፈለች። በአራተኛው ቀን «የኢንሹራንስ ዋስትና 3,200 ብር፤ ዕቃውን ሲረከቡ ይመለስልዎታል» አለ። ይህንንም ከፈለች። በአምስተኛው ቀን ገጹ አልከፈት አለ፤ የሻጩም ስልክ ዝግ ሆነ። ተደምሮ 17,100 ብር ሄደ። እህታችን ዛሬም በኪራይ መኪና ላይ ነች፤ ዕቁቡንም እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምራለች።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝስ እኔው ነኝ። እኔ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ! ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣ መኪና ወይ በጅማ አድርጎ በደሌ ይገባል፣ ወይ በነቀምቴ አድርጎ በደሌ ይገባል፤ ከዚያ መቱ፣ ጎሬ፣ ጋምቤላ ነው። አለዚያም ከነቀምቴ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ በኩል ይመጣል። ታዲያ ጠዋት ጅማ የነበረ አይሱዙ ቀትር ላይ ነቀምቴ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ክንፍ አለው እንዴ? መናኸሪያ ሄደን አንድ ረዳት ብንጠይቅ ኖሮ ስቆ ይነግረን ነበር። እኛ ግን ስልኩን አመንን፤ መንገዱን የሚያውቀውን ሰው አልጠየቅንም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላስገነዝብ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። የመከታተያ ቁጥር ዕቃ አይደለም። «ትራኪንግ ላክንልዎ» መባል ዕቃው ተልኳል ማለት አይደለም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ቴሌግራም ሳይኖር ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ትክክለኛው አሠራር ምን እንደሆነ ላስረዳ። በእውነተኛ የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ዘንድ ቁጥሩን የሚሰጠው አመላላሹ ነው። ቁጥሩ በዕቃው ላይ ይለጠፋል። ዕቃው በአንድ ጣቢያ ባለፈ ቁጥር አንድ ሠራተኛ ያንን ልጣፍ በማሽን ያነበዋል፤ ስለዚህ «መቱ ደረሰ» የሚለው ቃል መቱ ላይ ዕቃውን በእጁ የነካ ሰው ምስክርነት ነው። በሐሰተኛው ዘንድ ግን ቁጥሩን የጻፈው ሻጩ፣ ገጹን የሠራውም ሻጩ ነው። የመኪና ሥዕልና አረንጓዴ መስመር ያለበት ገጽ ማዘጋጀት ለአንድ ኮምፒዩተር ለሚያውቅ ልጅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር ሲላክላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕቃው የት ደረሰ?» መሆን የለበትም። «ይህን ቁጥር የሰጠው ማን ነው? ዕቃውንስ የተሸከመው ማን ነው?» ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

ይህ ጥያቄ ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል ውስጥ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ከኢታንግ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለመስጠት ተስማምተው ነበር። የወንዙ ዳርቻ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ የመሬቱም ስፋት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተብሎ ተጽፏል። ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም በኩል የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ዕቃ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ግድ ነበር፤ ክረምት እስኪገባና ወንዙ እስኪሞላ ድረስ። ይሁን እንጂ መርከብ ስትመጣ በዓይን ትታያለች፤ ጭነቱም ወንዝ ዳር ወርዶ ይቈጠራል። ነጋዴው የሚተማመነው በሚታይ ነገር ነበር። የእኛ ዘመን ጥበቃውን አሳጠረና በዓይን ማየቱን ደግሞ ወሰደብን። አጭበርባሪውም የገባው በዚያች ክፍተት ነው።

የፖስታ ነገር ከተነሣም አንድ ጠቃሚ እውቀት ልጨምር። የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ሲሆን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። የኅብረቱ አባል ሀገሮች በሙሉ ከሀገር ሀገር ለሚላኩ አደራና ፈጣን መልእክቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይጠቀማሉ። ቁጥሩ 13 ምልክት አለው። መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ከዚያ ዘጠኝ አኀዝ፣ በመጨረሻ የላኪው ሀገር መለያ የሆኑ ሁለት ፊደሎች። የእኛ ሀገር መለያ «ኢ» እና «ቲ» ነው።

ከዘጠኙ አኀዞች የመጨረሻው በዘፈቀደ የሚጻፍ አይደለም፤ ከፊቱ ካሉት ስምንቱ በስሌት የሚወጣ ነው። ስሌቱን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ስምንቱን አኀዞች በተራ በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 አባዙና ደምሩ። ድምሩን ለ11 አካፍሉና ቀሪውን ከ11 ቀንሱ፤ የሚገኘው የመጨረሻው አኀዝ ነው። ውጤቱ 10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ይጻፋል። ለምሳሌ 12345678 ቢሆን ድምሩ 204 ነው፤ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 6፤ 11 ሲቀነስ 6 ደግሞ 5 ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 123456785 ነው። «በፖስታ ላክሁልህ» ብሎ ስሌቱ የማይገጥም ቁጥር የሰጣችሁ ሰው ወይ ተሳስቷል ወይ ዋሽቷል። ነገር ግን አደራ፣ ስሌቱ ገጠመ ብላችሁም አትተኙ። ሌባው የሌላ ሰው እውነተኛ ቁጥር ገልብጦ ሊሰጣችሁ ይችላል። ስሌቱ ውሸቱን ይይዛል እንጂ እውነቱን አያረጋግጥም።

ማጭበርበሩ አንድ መልክ ብቻ የለውም። ባየሁትና በተረዳሁት መጠን አራቱን ልዘርዝር።

አንደኛው በእህታችን ላይ የደረሰው ነው። ዕቃ የለም፣ አመላላሽ የለም፤ ቁጥርና ገጽ ብቻ አለ። ዓላማው የመጀመሪያውን ገንዘብ ወስዶ መሄድ ብቻ አይደለም። ዕቃው መንገድ ላይ እንዳለ ያመነ ሰው «ትንሽ ልጨምር እንጂ ያንን ሁሉ ከማጣ» ብሎ እንደሚከፍል ስለሚያውቁ ነው ኬላ፣ ኢንሹራንስ፣ መጋዘን እያሉ የሚጨምሩት። ገጹ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ተስፋ እንዳንቈርጥ።

ሁለተኛው በውጭ ሀገር ገበያዎች በብዛት የሚሠራ ነው። ሻጩ እውነተኛ ጥቅል ይልካል፤ ግን ምንም ለማይረባ ነገር፣ ወደ ሌላ አድራሻ። ጥቅሉ በገዢው ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ስለሚደርስ መከታተያው «ደርሷል» ብሎ ይመዘግባል። ገዢው ሲያቤቱታ ሻጩ «ይኸው ደርሷል ይላል» ብሎ ይከራከራል። ውጭ ሀገር ያሉ ዘመዶቻችን እዚያው ገዝተው ሊልኩልን ሲሉ ይህ ሊያጋጥማቸው ስለሚችል ንገሯቸው።

ሦስተኛው ምንም ላልገዛ ሰው የሚመጣ ነው። «ከውጭ ሀገር የተላከልዎ ጥቅል ቦሌ ጉምሩክ ተይዟል፤ ቀረጥ ይክፈሉ» የሚል መልእክት፣ ከቁጥርና ከሊንክ ጋር። አንዳንዴ በፌስቡክ የተዋወቀ የማይታወቅ «ወዳጅ» ስጦታ ልኬልሃለሁ ብሎ ከሳምንታት በፊት አፈሩን አለስልሶ ይጠብቃል። እዚህ ሰፈር አሜሪካና አውስትራሊያ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ስለሆነ መልእክቱ ለብዙዎቻችን እውነት ይመስላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ «የሶስተኛ ሀገር ፕሮሰስ ወረቀትዎ በፖስታ ተልኳል፤ ለማስለቀቅ ይክፈሉ» የሚል ዓይነት ሲመጣ ነው። ወገኖች፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ነጻ ነው። ለፕሮሰስ ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ፣ ቁጥር ያሳይ ማኅተም ያሳይ፣ ሌባ ነው።

አራተኛው «ጥቅልዎን ለመከታተል ይህን አፕ ይጫኑ» የሚለው ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአውሮፓ ብዙ ሀገሮች ፍሉቦት የተባለ ቫይረስ በዚህ መንገድ ተሠራጭቶ ነበር። በታወቁ የዕቃ አመላላሾች ስም የጽሑፍ መልእክት ይመጣል፤ ሰውየው አፑን ሲጭን ቫይረሱ የባንክ የይለፍ ቃሉን ይሰርቃል፤ በስልኩ ላይ ላሉት ሰዎችም ያንኑ መልእክት በራሱ ይልካል። የ11 ሀገሮች ፖሊሶች ተባብረው የሆላንድ ፖሊስ በግንቦት 2014 ዓ.ም. መረቡን እስኪበጥሰው ድረስ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ይህ በሞኝ ሀገር ብቻ የሚሠራ ተንኮል አለመሆኑን ነው። ቤቱ ድረስ ፖስታ የሚመጣለት፣ የተማረው አውሮፓዊም ተታሏል። በቴሌግራም የተላከላችሁን አፕ በፍጹም አትጫኑ።

አሁን ወደ አስተያየቴ ልግባ። እህታችን ከተጭበረበረች ወዲህ በሰፈሩ ሁለት ዓይነት ወሬ ሰምቻለሁ፤ በሁለቱም አልስማማም።

የመጀመሪያው «ድሮም በስልክ ዕቃ መግዛት ምን ያስፈልጋል? ይቅር» የሚል ነው። ይህን የሚሉት በአብዛኛው የእኔ እኩዮች ናቸው፤ ሐሳባቸውም ከክፋት የመጣ አይደለም። ነገር ግን እስቲ እናስበው። የጋምቤላ ሱቅ የሌለውን ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መመለስ የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የምግቡን ሲደምሩት ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከሰፈር ርቆ ለመሄድ ፈቃድ ማውጣት ያለበት ስደተኛ ወገናችን ደግሞ ልሂድ ቢልስ መች ይቀለዋል? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኤም ፔሳም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን መኖራቸው እንደ እኛ ላለው ሩቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት መፍቀዱም ለዚሁ ይጠቅማል። እና ሌባ አለ ተብሎ ገበያ ይዘጋል? በገበያችን ኪስ አውላቂ ሲገባ ኪሳችንን እንጠብቃለን እንጂ ገበያ መሄድ አንተውም።

ሁለተኛው ወሬ ግን ያናድደኛል። «ሞኝ ስለሆነች ነው፤ ማን አማሽ አላት?» የሚለው። ውሃ ቀጂው ሁሉ ይህን እየተቀባበለ ሳቀባት። በዚህ የተነሣ እህታችን ነገሩን ለስድስት ቀን ደብቃ ቆየች፤ ለኔ እንኳ የነገረችኝ ሰባተኛው ቀን ላይ እያለቀሰች ነው። በእነዚያ ስድስት ቀኖች ውስጥ ገንዘቡ ምን ያህል እጅ እንደተቀያየረ ማን ያውቃል? እርሷ ከተናገረች በኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ቀስ ብለው መጥተው «እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል» አሉኝ። አንደኛው የተበላው ከእርሷ በፊት ነው። እርሱ ቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ እርሷ ትጠነቀቅ አልነበረምን?

ብልህ ከሰው ይማራል እንላለን። ታዲያ የተጎዳው ሰው እንዲያፍር እያደረግነው፣ አፉን እየዘጋነው፣ ከማን ነው የምንማረው? የአጭበርባሪው ትልቁ ሀብት ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የእኛ ኀፍረት ነው። እኛ በሳቅን ቁጥር እርሱ አንድ ተጨማሪ ሳምንት እናበድረዋለን።

ስለዚህ ለሰፈራችን የሚስማማ ጥቂት ደንብ ብንይዝ መልካም ነው እላለሁ።

ገንዘብ ከመላክ በፊት ዕቃው በምን እንደሚመጣ መጠየቅ። ወደ እኛ ዕቃ የሚመጣበት መንገድ የታወቀ ነው፤ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በአውሮፕላን ወይም በሰው እጅ። በመኪና ከሆነ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌሩ ወይም የረዳቱ ስልክና የመነሻ መናኸሪያው ይነገረን። ሾፌሩን ራሳችን ደውለን «ዕቃው ተጭኗል?» እንበለው። ሻጩ ቁጥርና ሊንክ ልኮ የሾፌር ስልክ የለኝም ካለ እዚያው ላይ ይቅር።

አመላላሽ ድርጅት አለ ከተባለ፣ የተላከውን ሊንክ ትቶ የድርጅቱን ስልክ በራስ ፈልጎ መደወል። ቁጥሩን ማንበብና «ይህ ቁጥር የናንተ ነው?» ማለት ነው።

አዲስ አበባ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው፣ ዕቃውን እዚያው አይቶ፣ ከፍሎ፣ አስጭኖ እንዲልክለት ማድረግ። ይህ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። ካልሆነም ሙሉ ክፍያው ዕቃው ተፈትሾ እጅ ሲገባ እንዲሆን መስማማት። በዚህ አልስማማም ያለ ሻጭ ሌላ ገዢ ይፈልግ።

ከአዲስ አበባ ጋምቤላ የሚመጣ የሀገር ውስጥ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጥ የለበትም። ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀረጥ ቢኖረውም በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር አይከፈልም፤ የመንግሥት ገንዘብ የመንግሥት ደረሰኝ አለው። በቴሌብር ስትልኩም የሚታየውን የተቀባይ ስም አንብቡ። ሻጩ የነገራችሁ የሱቅ ስም ሌላ፣ የሚታየው ስም ሌላ ከሆነ አትላኩ።

የመጨረሻው ደንብ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ከላኩ በኋላ ሁለተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ፣ ሳይከፍሉ መልእክቱን ለሌላ ሁለት ሰው ማስነበብ። አንዱ መንገዱን የሚያውቅ፣ አንዱ ስልኩን የሚያውቅ ቢሆን ጥሩ ነው። እህታችን 12,000 ብሩን ስትልክ ልንይዛት ባንችል እንኳ 5,100 ብሩን ማዳን እንችል ነበር። ለዚያ እኔም ተጠያቂ ነኝ።

ከተጭበረበራችሁስ? ያኔ ሰዓቱ ወርቅ ነው። ወዲያውኑ በቴሌብር ከሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። ገንዘቡ ካልወጣ ሊታገድ የሚችልበት ዕድል አለ፤ ከወጣ በኋላ ግን ማግኘቱ ከባድ ነው። ከዚያ ለፖሊስ ማመልከት። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የስልክ ቁጥሩን፣ የተቀባዩን ስም፣ የገጹን ስክሪንሾት፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልክ ያለ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ እንዳይሆን ደንግጓል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 ደግሞ በኮምፒዩተር አሳሳች መረጃ አሠራጭቶ ሰውን የጎዳ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ይናገራል። ሕጉ አለ። ሕጉ የሚሠራው ግን የተበደለው ሰው አፍ አውጥቶ ሲከስ ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አመራር ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን አንድ ወረቀት ይለጠፍና የተጭበረበረ ሰው ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ ሌባው የተጠቀመበትን ዘዴና ያስመሰለውን ነገር ይጻፍበት። የሌባውን ስልክ ቁጥር ግን ለፖሊስ እንስጥ፤ ሰሌዳ ላይ አንለጥፍ፤ በሌላ ንጹሕ ሰው ስም የወጣ ቁጥር ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ አማርኛ የማያነቡ ጎረቤቶቻችን ብዙ ናቸው። የሚችሉ ወጣቶች ይህን በኑዌርኛና በአኙዋክኛ በቃል እንዲነግሩልን፣ በስብሰባ ቀንም አምስት ደቂቃ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። ሌባው የሚልከው መልእክት በየትኛውም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያችን በአንድ ቋንቋ ብቻ መቅረት የለበትም።

እህታችን ዕቁቧን እንደ ገና እየጣለች ነው ብያለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲንጀሯ ሲመጣ በመናኸሪያ ቆመን፣ ከመኪናው ጣራ ሲወርድ አይተን፣ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰፍታ ሞክራ ነው የቀረውን የምትከፍለው። ያን ቀን ቁጥር የሚጠይቃት የለም።

ቸር ያሰንብተን።

ከማኅበሩ ነባር አባላት አንዱ፣ ትየርኪዲ